ፊርማው ቀድሞ ልምምዱ አይቅር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እዚህ አሜሪካ ከሜሞሪያል ደይ (ሜይ መጨረሻ) እስከ ሌበር ደይ (ሴፕቴምበር መጀመሪያ) ያለውን ጊዜ የመንገድ ደህንነት ባለሙያዎች «መቶዎቹ ገዳይ ቀናት» ይሉታል፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ አሽከርካሪዎች በሚገቡበት አደጋ ብዙ ሰው የሚሞትበት ወቅት ነውና።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የመንዳት ልምምዱ ነገር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ መንጃ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ልምድ ካለው ሰው ጋር 60 ሰዓት መንዳት አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 10 ሰዓቱ በማታ። የልምምድ ሰዓቱ መዝገብ ላይ የምንፈርመው እኛ ወላጆች ነን። ብዙዎቻችን ሁለት ሥራ ይዘን፣ ታክሲና ኡበር ስንነዳ እያደርን፣ ፊርማው ይቀድምና ልምምዱ ይቀራል። ከዚያ ልጁ ዶፍ በሚወርድበት ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሽንግተንን በሚዞረው ፈጣን መንገድ፣ ቤልትዌይ ላይ የሚወጣው ብቻውን ነው።

ሕጉ ልጁ ፈቃዱን ካገኘ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 151 ቀናትም ከቤተሰቡ ውጭ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው እንዳይጭን ይከለክለዋል። እኛ ግን ምርቃት ወይም ሠርግ ሲኖር «የእነ እገሌንም ልጆች አድርሳቸው» እንላለን፤ እምቢ ማለት ነውር ይመስለናል። ሙዚቃው ተከፍቶ፣ ከኋላ ያለው ስልኩን «እየው፣ እየው» እያለ ሲዘረጋለት፣ ልጁ ዓይኑን ከመንገድ ያነሳል። እባካችሁ፣ ደክሞንም ቢሆን እኛው ሄደን እናምጣቸው።

ጋዜጣችሁም እነዚህን ሕጎች የቨርጂኒያንም ጨምሮ በአማርኛ ቢያወጣልን እጅግ እናመሰግናለን።

አንድ አባት
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ