ማካ ኮቶ አፍሪካዊ ስለሆኑ ብቻ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በካናዳ የኩቤክ ክፍለ ሀገር የባህል ሚኒስትር ስለነበሩት ስለ ማካ ኮቶ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ከላይ እስከ ታች «አፍሪካዊው ሚኒስትር» እያለ፣ ሰውየው ምን እንደሠሩ ሳይነግረን አለቀ። እኛ ሞንትሪያል ያለን ሐበሾችም ብንሆን ያው ነን። ስማቸው ሲነሳ ደስ ይለናል፣ ስለ ሥራቸው ስንጠየቅ ግን ጭጭ።

አቶ ኮቶ ካሜሩን፣ ዱዋላ የተወለዱ ተዋናይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከሳን-ላምበር የምርጫ ወረዳ፣ ኩቤክ ከካናዳ ትገንጠል በሚለው በብሎክ ኬቤኳ ፓርቲ ተመርጠው ኦታዋ፣ የፌዴራሉ ፓርላማ ገቡ። በ2006 እንደገና አሸነፉ። በ2008 የፌዴራል ወንበራቸውን ለቀው በሞንትሪያሉ የቡርዤ ወረዳ የማሟያ ምርጫ ለኩቤክ ምክር ቤት ተወዳደሩ፤ ተመረጡም። አንዳንዱ ይህን እንደ ቁልቁል ጉዞ ያየዋል። እኔ አይመስለኝም። ኩቤክ ትገንጠል ለሚል ሰው ሥራው ያለው እዚያው ኩቤክ ነው።

በመስከረም 2012 የኩቤክ ጠቅላይ ሚኒስትር ፖሊን ማሯ የባህልና ኮሙኒኬሽን ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው። በእኔ እይታ ትልቁ ጉዳያቸው የመጽሐፍ ዋጋ ነበር። ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች በብዛት የሚሸጡትን ጥቂት መጻሕፍት በከባድ ቅናሽ ይቸበችባሉ። የሰፈሩ መጽሐፍ መደብር ግን ግጥሙንም፣ የጀማሪ ደራሲውንም፣ ዓመት ሙሉ ገዢ የማያገኘውንም መደርደሪያው ላይ የሚያቆየው በእነዚያ ጥቂት መጻሕፍት ገቢ ነው። እነሱን ሲነጠቅ ሌላውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በታኅሣሥ 2013 አቶ ኮቶ፣ አዲስ መጽሐፍ ለመጀመሪያዎቹ 9 ወራት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይቀነስ የሚያደርግ ሕግ እንደሚመጣ አሳወቁ። ፈረንሳይ ከ1981 ጀምሮ ከዚህ የጠበቀ ሕግ አላት፤ ጣሪያው 5 በመቶ ነው። «አንባቢው ለምን ይወደድበት?» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ እኔም ቅናሽ እወዳለሁ። ቢሆንም እሳቸው ልክ ነበሩ እላለሁ።

ሕጉ ሳይወጣ ቀረ። መንግሥቱ አብላጫ ወንበር አልነበረውም፤ ሚያዝያ 2014 በተደረገው ምርጫ ተሸነፈ። አቶ ኮቶ የቡርዤን ወንበር ይዘው እስከ 2018 ቆዩ።

ጽሑፋችሁ ጨርሶ ያልነካው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ያው ካቢኔ በኅዳር 2013 የመንግሥት ሠራተኛ ጎላ ያለ የሃይማኖት ምልክት እንዳያደርግ የሚከለክል ረቂቅ ሕግ አቅርቦ ነበር። ሂጃብ፣ ጥምጥም፣ ትልቅ መስቀል፣ ሁሉም አለበት። (ትንሽ የአንገት መስቀል ተፈቅዷል፤ የእኛ ሰው በዚያ ተጽናንቶ ዝም አለ።) አቶ ኮቶ የዚያ ካቢኔ አባል ነበሩ። ከስደተኛ ወገን የመጣ ሚኒስትር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ምን እንዳለ መጠየቅ ነውር የለውም።

እናንተ ስልክ ደውላችሁ የመጠየቅ ዕድል አላችሁ። ሁለተኛ ክፍል የምታወጡ ከሆነ ስለ መጻሕፍቱ ዋጋና ስለዚያ ረቂቅ ጠይቁልን። የትውልድ ቦታቸውንማ አውቀነዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከሞንትሪያል