በኢንጂነር ስመኘው በቀለ ስም ለሚሠራው የንባብ ክፍል የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የአዳማ ከተማ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በሌላ አካባቢና በውጭ አገር ለምትኖሩ የከተማችን ልጆች፤

በአዳማ በአንድ ሰፈር የምንኖር የዕድር አባላት የጀመርነው የተማሪዎች ንባብ ክፍል ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ እየጠበቀ ስለሆነ ድጋፋችሁን እንጠይቃለን። ክፍሉን የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ በነበሩት በኢንጂነር ስመኘው በቀለ ስም ለመሰየም የወሰንንበትን ምክንያት ከጥያቄያችን ጋር ማስረዳት ይገባናል።

ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ኢንጂነሩ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ ሕይወታቸው አልፎ መገኘቱ ሲሰማ፣ በአካል አይተዋቸው የማያውቁ ሰዎች የሥጋ ዘመድ እንደ ተለያቸው ሆነው አለቀሱ። ሐምሌ 22 ቀን በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበሩም እጅግ ብዙ ሕዝብ ሸኛቸው። ሚኒስትር አልነበሩም፤ የፓርቲ መሪም አልነበሩም።

በእኛ እምነት የሐዘኑ ጥልቀት የሚገባን ግድቡ የተሠራበትን ገንዘብ ስናስብ ነው። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ ጀምሮ መምህሩ ከደመወዙ እያስቆረጠ፣ ጉሊት የምትቸረችረው እናት ከዕለት ገቢዋ እየቀነሰች ቦንድ ገዝተዋል። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ጉባ ድረስ ሄደው የገንዘባቸውን ፍሬ የማየት አቅም አልነበራቸውም፤ ያዩት በቴሌቪዥን መስኮት፣ ሄልሜት ደፍተው ከኮንክሪቱ መካከል ቆመው ሥራው የት እንደ ደረሰ በተረጋጋ ድምፅ የሚያስረዱትን ሰው ነው። ለብዙው ሕዝብ እርሳቸው የአደራው ጠባቂ ነበሩ። ስለ ሥራው መጓተት በሚወራበት ጊዜ እንኳ በሰፈራችን በእርሳቸው ላይ ጣቱን የቀሰረ ሰው አናስታውስም። ሰው ከጉድለቱ ላይ ቀንሶ የሰጠውን በታማኝነት የያዘለትን ሲያጣ የሚሰማው ሐዘን አንድን ባለ ሥልጣን በማድነቅ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ደስታችን ላይ የእርሳቸው አለመኖር ያጠላበትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በሰፈራችን ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት ነው፤ ምግብ የሚበስለውም፣ እንግዳ የሚቀመጠውም፣ ልጅ የሚያጠናውም እዚያው ነው። ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆች የሚያመሹበት ጸጥ ያለ ቦታ የላቸውም። መሬቱን የሰጠው ዕድሩ ሲሆን ብሎኬቱ የተገዛው ከአባላት መዋጮ ነው። አሁን የሚያስፈልገን ለጣሪያው ቆርቆሮና ማገር፣ ለወለሉ ሲሚንቶ፣ የመብራት ዝርጋታ፣ ጠረጴዛና ወንበር፣ እንዲሁም ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ የመማሪያና የማጣቀሻ መጻሕፍት ናቸው። ገንዘብ የሌላችሁ አናጺዎችና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የአንድ ቀን ጉልበታችሁን ብትሰጡን ከገንዘብ አሳንሰን አናየውም።

በዚህ ሰው ስም ለምነን ሒሳቡን ብናድበሰብስ ይቅር የማይባል ነውር ይሆንብናል። ስለዚህ የገባውና የወጣው ገንዘብ ከነደረሰኙ በየወሩ በዕድሩ አዳራሽ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሒሳቡን የሚመረምሩትም ከኮሚቴው ውጭ ባሉ ለጋሾች የሚመረጡ ሰዎች ናቸው። አስተዋጽኦ ያደረገ ሁሉ፣ የሰጠው አነሰም በዛም፣ መዝገቡን ገልጦ የማየት መብት አለው።

ገንዘብም ሆነ ዕቃ የምንቀበለው በዕድሩ ጽሕፈት ቤት ብቻ ነው። ራቅ ብላችሁ የምትኖሩ ወገኖቻችን በሰፈሩ ባሉ ዘመዶቻችሁ በኩል መላክ ትችላላችሁ። የዕድሩ ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ ለማንም ሰው ገንዘብ እንዳትሰጡ በአክብሮት እናሳስባለን።