ለአባዬ፣ ስለ ሳላህ ለተናገርከው

ሊድስ፣ እሑድ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባዬ፣ እማዬ፣ ሙሽሪትም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ነው። ለሠርጉ 300 ፓውንድ በእማዬ ስም በባንክ ልኬያለሁ። ቃል ከገባሁት እንደሚያንስ አውቃለሁ፤ ቀሪውን ሠርጉ ሳይደርስ እጨምራለሁ።

አሁን ወደ ድምፅ መልእክትህ ልምጣ። ሦስት ወር ዝም ብዬህ፣ አንተ የላክልኝ ወቀሳ ሳይሆን የሊቨርፑሉን የሳላህን ጉዳይ ነው። «አልቆለታል፤ ይባስ ብሎ ክለቡን በአደባባይ አዋረደ» አልክ። አራት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። ድምፅህ ናፍቆኝ ነው፤ ግን ደግሞ ተናደድኩ። እዚህ ያሉ የአዲስ አበባ ልጆች አባቴን «አንተ» ስል ይገረማሉ። ድሬ ላይ አንቱታ እንደማይበዛ ነግሬያቸዋለሁ። እንግዲህ በዚያው ልማዳችን ፊት ለፊት ልናገርህ።

አምና በሊጉ 29 ጎል አግብቶ፣ 18 አመቻችቶ ዋንጫውን ያመጣልን ማን ነው? ያን ጊዜ ከዚራ ካለው የዲኤስቲቪ ቤት እየዘፈንክ እንደገባህ እማዬ ነግራኛለች። ዘንድሮ ኳሱ እግሩ ላይ አልረጋ ቢል፣ በሩጫ ያልፋቸው የነበሩት ተከላካዮች ቢደርሱበት፣ በአንድ ጊዜ አልቆለታል ይባላል? የቡድን ጓደኛው ዲዮጎ ጆታ ከወንድሙ ጋር በመኪና አደጋ የሞተው ሰኔ 26 ቀን ነው። ሊጉ ሲጀመር ቦርንማውዝን 4 ለ 2 አሸንፈው፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሳላህ ደጋፊው ፊት ቆሞ አለቀሰ። አጎቴ ያረፈ ዓመት ማሽንህ ላይ ክሩ ሲበጠስ እንኳ አላይም ነበር ያልከኝ አንተ ነህ። ለራስህ የገባህ ነገር ለእሱ ለምን አይገባህም?

ኅዳር 27 ማታ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሊድስ በጭማሪው ደቂቃ በታናካ ጎል ከሊቨርፑል ጋር 3 ለ 3 ሲሆን መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ጮኸ፤ ሳጥን ታቅፌ ዝም ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሳላህ 90 ደቂቃ ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ወጥቶ «ጥፋቱን ሁሉ በእኔ ላይ መጫን ፈልገዋል፣ ከአሰልጣኙም ጋር ግንኙነት የለኝም» አለ። እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ፤ አርነ ስሎትን በር ዘግቶ ሊያናግረው ይገባ ነበር። ወደ ኢንተሩ ጨዋታም ሳይወስዱት ሄዱ። ነገር ግን በሳምንቱ ከብራይተን ጋር ተቀይሮ ሲገባ አላኮረፈም፤ ለኤኪቲኬ ጎል አመቻቸ። እኔ የምፈርደው በዚህኛው ነው። ቪኒሲየስ በጥቅምት ከባርሴሎና ጋር ሲቀየር እየተቆጣ ቀጥታ ወደ መልበሻ ክፍል ሲገባ «ወጣት ነው፣ ይበርድለታል» ብለህ ማለፍህን አልረሳሁም። ማድሪድን ስለምትወድ ነው፤ ይህ ፍርድ አይደለም።

የአርሰናሉን ሳካንም ተመልከት። በማድሪድ ሜዳ በርናባው ላይ ያን ፍጹም ቅጣት ምት በቀስታ ከፍ አድርጎ ሲመታ በረኛው ኩርቱዋ ያዘበት። በዚያ ሁሉ ፉጨት መሐል ኳስ መጠየቁን አላቆመም፤ ከዕረፍት መልስ ራሱ አገባ። እንዲህ ዓይነት ተጫዋች ሳይ ዓይኔ እንባ ይሞላል፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

እኔም ከመስከረም እስከ ኅዳር ሥራ አልነበረኝም። የቀድሞው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲቀንስ እኔንም ቀነሰኝ። ስትደውል ስልኩን እያየሁ የማላነሣው ለዚህ ነበር፤ ባዶ እጄን ምን ልበልህ? ሳላህ ብዙ ተናገረ፣ እኔ ደግሞ ምንም አልተናገርኩም። አሁን አዲስ ሥራ ይዣለሁ፤ እማዬ እንዳትጨነቅ በደንብ እበላለሁ በላት።

ለሠርጉ መምጣት አልችልም። ሥራው አዲስ ስለሆነ ፈቃድ አይሰጡኝም። ይህን ለእህቴ ራሴ እነግራታለሁ፣ አንተ አትንገራት። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ላይ በረኛ የነበረችው እሷ ናት፤ ጉልበቷ ተልጦ ጎል አታስገባም ነበር። ሚዜዎቹ ሲመጡ በሩን መያዝ የነበረብኝ እኔ ነኝ። የአጎቴ ልጆች ቶሎ እንዳይለቁላቸው አደራ፤ ደህና አድርገው ያስለምኗቸው። ቀሚሷን ለብሳ ፎቶ ላኩልኝ፣ ከሥራ ስወጣ ማንም በሌለበት አየዋለሁ።

የእግርህ ቁስል እንዴት ሆነ? እማዬ «ደህና ነው» ትላለች፤ እኔ እንደምላችሁ ዓይነት ደህና እንዳይሆን ፈራሁ። ስኳርህን ተለካ፣ ግቢ ውስጥም ቢሆን ያለ ጫማ አትሂድ። ማታ ማታ እስከ ከዚራ በእግርህ አትሂድ፤ ከላክሁት ላይ ለባጃጅ አንሣ።

ዛሬ የአፍሪካ ዋንጫ ሞሮኮ ላይ ይጀመራል። በ1968 ድሬዳዋ ስታዲየም ሞሮኮዎችን እነ አህመድ ፋራስን ያየህበትን ቀን ስንት ጊዜ ነግረኸኛል! የዋንጫው ባለቤት ሆና የመጣችው ዛየር አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ከዚያው ስትሸኝ፣ ሕዝቡ ለተጫዋቾቿ አጨበጨበላቸው ትለኝ ነበር። ያንን ታሪክ የምወደው ለጭብጨባው ነው።

ነገ ማታ ግብጽ ከዚምባብዌ ትጫወታለች። ሳላህን ደህና አድርገህ እየው፤ ሲያልቅ ደውልልኝ። አነሣለሁ።

ልጅህ