ስለ ዋጋው ስትጽፉ አናጺውን አትርሱት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በዓለም ላይ በውድ ስለተሸጡ ሥዕሎች ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ የቻይናው ሠዓሊ ቺ ባይሺ በአንድ መስመር ብቻ ተጠቅሶ አየሁ። በ1925 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የሣላቸው 12 የመልክዓ ምድር ሥዕሎች በ2017 ቤይጂንግ ውስጥ ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጡ ይላል። እውነት ነው። ግን ሰውዬው የት ገባ? እኔ በእንጨት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ቺ ባይሺ አናጺ ነበር። በ1864 ሁናን በተባለች የቻይና ግዛት ውስጥ ከደሃ ገበሬ ቤት ተወለደ። ፊደል ያስቆጠሩት አያቱ ናቸው፤ ያውም ምድጃ ዳር፣ አመድ ላይ በእሳት መቆስቆሻ እየጻፉ። አቅሙ ደካማ ስለነበር ለእርሻ አልሆነም። አናጺ ዘንድ ገባ። አንድ ቀን ከአስተማሪው ጋር ሲሄዱ ሌሎች አናጺዎች ከፊታቸው መጡ። አስተማሪው ዳር ይዞ በአክብሮት አሳለፋቸው። ልጁ ገርሞት ለምን ብሎ ጠየቀ። ለካስ እነዚያ እንጨት ላይ ጌጥ የሚቀርጹ ኖረዋል። ያኔ ቅርጹን ለመማር ቆረጠ፤ ተማረም።

ሃያ ዓመት አካባቢ ሲሆነው ሥራ ሊሠራ በሄደበት ቤት አንድ የሥዕል መማሪያ መጽሐፍ አገኘ። ተዋሰው። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን፣ ቀጭን ወረቀት እየደረበ ሥዕሎቹን ሁሉ ገለበጣቸው። ወራት ፈጅቶበታል።

ቤይጂንግ የከተመው ሃምሳን አልፎ ነው። ሥዕሉን የሚገዛው ጠፋ፤ ዋጋውም ከሌሎቹ በግማሽ ያነሰ ነበር። ቼን ሺዜንግ የሚባል ሠዓሊ ወዳጁ የራስህን መንገድ ፈልግ አለው። ስልሳ ሊሞላው ሲል አሣሣሉን እንደገና ጀመረ! በ1922 ቼን ሥዕሎቹን ቶኪዮ ወስዶ አሳየለት፤ በጥሩ ዋጋ ተሸጡ።

ስሙ ከሽሪምፕ፣ ውሃ ውስጥ ከሚኖረው ባለብዙ እግር ትንሽ ፍጡር ጋር አብሮ ይነሳል። ጠረጴዛው ላይ ሳህን ውስጥ በሕይወት ያሉ ሽሪምፖች አኑሮ ያጠናቸው ነበር። ከዓመት ዓመት በሥዕሉ ላይ እግሮቻቸውን እየቀነሰ ሄደ። ውሃውን አይሥለውም፤ እኛ ግን እናየዋለን። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እጄ ላይ ያለውን መሮ ቆም ብዬ አያለሁ።

በ1957 አረፈ። የማኅተም ቀራጭም ስለነበር ሥዕሎቹ ላይ የሚያትማቸውን ራሱ ይቀርጽ ነበር። በአንዱ ማኅተም ላይ የቀረጸው ቃል የሉ ባን ተማሪ ነኝ እንደማለት ነው። ሉ ባን ቻይናውያን የአናጺዎች አባት የሚሉት የጥንት ሰው ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አናጺ አንባቢ