ገና ኤፕሪል ነው፣ ወንድሜ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣ ሲያትል።

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ፣ እናታቸውስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እዚህ ዋሽንግተንም ያው እንደምታውቀው ነው፤ አንድ ቀን ብርድ፣ አንድ ቀን ሙቀት። ከተጻጻፍን ቆየን። ምክንያቱን አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ ሥራ፣ ልጅ ማሳደግ፣ የሦስት ሰዓት ልዩነት። እሱን እንለፈውና ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

የላክኸውን የድምፅ መልእክት ሰማሁት። ከስንት ዝምታ በኋላ ሰላምታ እንኳ የለውም! "ዘንድሮም አለቀልን" ብለህ ጀመርክ፤ ከዚያ ስለ ሲያትሉ ቡድንህ ስለ ማሪነርስ ስታማርር እስከ መጨረሻው። ባለቤቴ ድምፅህን ከሩቅ ሰምታ "ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?" አለችኝ። አልሞተም፣ ቤዝቦል ነው አልኳት። ስቃ ወደ ማድቤቷ ተመለሰች። እኔ ግን መልሱ በስልክ የሚያልቅ አልመስል አለኝና ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ ወሰንኩ።

ስለ ሰንጠረዡ ምንም አልጽፍልህም። ይህ ደብዳቤ እስኪደርስህ ይለወጣል። የኤፕሪል ሰንጠረዥ እንዲህ ነው።

እስቲ አስበው። ውድድሩ የሚጀመረው ሁዳዴ ሳይፈታ ነው፤ የሚያልቀው መስቀል ገደማ። በመካከሉ 162 ጨዋታ አለ። እኛ ደግሞ ያደግነው በእግር ኳስ ነው። በእንግሊዝ ሊግ 38 ጨዋታ ነው ያለው፤ ሦስቱን በተከታታይ ከተሸነፍክ እውነትም ችግር አለ። ቤዝቦልን በዚያ ሚዛን ከለካኸው ግን ጉድ ይፈላል። አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ከአራት የቤዝቦል ጨዋታ በላይ ይመዝናል። አንተ ያለቀስክበት የመጀመሪያው ሳምንት ተኩል እኮ ለአርሰናል ሁለት ጨዋታ ከሩብ ነው። ከ2004 ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ስትጠብቅ የኖርክ ሰው በሁለት ጨዋታ ከሩብ ተስፋ ቆርጠህ አታውቅም!

የቆዩ የቤዝቦል ሰዎች የሚሉትን ታስታውሳለህ? የትኛውም ቡድን 54 ያሸንፋል፣ የትኛውም ቡድን 54 ይሸነፋል፤ ጨዋታው ያለው በቀሪው 54 ላይ ነው። በእርግጥ በ2024 ቺካጎ ዋይት ሶክስ 121 ተሸንፎ አባባሉን አፍርሶታል፣ እሱ ለብቻው ይቀመጥ። በ2025 የዋንጫውን ፍልሚያ፣ ወርልድ ሲሪስን፣ ያሸነፈው ዶጀርስ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ቡድን፣ 69 ጊዜ ተሸንፏል። ከ69ኙ ጥቂቱ ኤፕሪል ላይ ቢውል ምን ይገርማል?

የኛም የዋሽንግተኑ ቡድን፣ የ2019ኙ ናሽናልስ፣ ያንኑ ያህል ነበር የተሸነፈው፤ 93 አሸንፎ 69 ተሸነፈ። ያንን ዓመት ደግሞ ለአንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ግን ትንሽ ላስታውስህ፣ የረሳህ መሰለኝ።

በምንሠራበት ፓርኪንግ ውስጥ አብረን ነበርን። ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ያቺ ትንሽ ሬዲዮ አለች። ኮከባችን ሃርፐር በ330 ሚሊዮን ዶላር ፊላደልፊያ ገብቷል። ኤፕሪል 2 ቀን በሌላ ማሊያ ተመልሶ መጣና ኳሷን ከአጥሩ በላይ አውጥቶ ሆምረን መታብን። በዚያው ቀን ትሬይ ተርነር ኳሱን በዱላው ነካ ብቻ ለማድረግ፣ በንት ሲሞክር ኳሱ ጣቱን ሰበረው። ከዚያ ሬንዶን ተጎዳ። ዚመርማን እግሩን ታመመ። ሶቶን ጀርባው ያዘው። ቡልፔኑን፣ ተተኪ ወርዋሪዎቹን፣ ተወው፤ ስድስት ኢኒንግ፣ ከዘጠኙ ዙር ስድስቱን፣ የተለፋበትን ጨዋታ በሰባተኛው ያስረክቡት ነበር። በሜይ መጀመሪያ የፒቸሮቹን፣ የኳስ ወርዋሪዎቹን፣ አሠልጣኝ አባረሩ። ምንም አልተለወጠም። በሜይ 23 ኒው ዮርክ ላይ እየመራን ሳለ ካርሎስ ጎሜዝ በ8ኛው ኢኒንግ ሆምረን መታ። በአራቱም ጨዋታ ሜትስ አሸነፈን። 19 አሸንፈን፣ 31 ተሸንፈን ቆምን።

ያን ቀን ሬዲዮውን ያጠፋኸው አንተ ነህ። "ማናጀሩ ማርቲኔዝ ዛሬ ማታ ካልተባረረ እኔ ከዚህ ሥራ እለቃለሁ" ያልከውም አንተ ነህ። ማርቲኔዝ አልተባረረም። አንተም ሥራህን አልለቀቅክም።

ከዚያ ወዲያ 74 አሸንፈን 38 ብቻ ተሸነፍን። ሰዎች ይህን ሲያወሩ እንደ ተአምር ነው የሚያወሩት። ፓራ የሚባል ተጫዋች መጣ፣ ያቺን የሻርክ የልጆች ዘፈን አመጣ፣ ሕዝቡ እጁን እንደ መንጋጋ እያጋጨ መዘመር ጀመረ፣ ሁሉም ተለወጠ ይላሉ። ልጅህ ያኔ ትንሽ ነበረች፣ ያለ ዘፈኑ አልበላም ትል ነበር። ደስ የሚል ወሬ ነው። እኔ ግን አላምንበትም። ፒቸራችን ሸርዘር ኤፕሪል ላይም ሸርዘር ነበር። ስትራስበርግም፣ ኮርቢንም ነበሩ። የተጎዱት ተመለሱ፣ አየሩ ሞቀ፣ የቡልፔኑ ቀዳዳም በመጠኑ ተደፈነ። ከመጀመሪያው ጥሩ የነበረ ቡድን ነው፤ የኛ ዓይን ነው ሰንጠረዡ ላይ ተተክሎ የቀረው።

ማርቲኔዝ በየቀኑ "ዛሬ 1 ለ 0" ይል ነበር። ትናንት የለም፣ ዛሬ አንድ አሸንፍ፣ በቃ። ያኔ ጆሯችን እስኪታክተው ሰምተነው ነበር፤ ስንሸነፍ የሚባል ነገር ነው ብለን እናሾፍበት ነበር። አሁን ሳስበው 162 ጨዋታ በሌላ መንገድ የሚያልቅ አይመስለኝም።

ደግሞ ኦክቶበር 1፣ ከሚልዋኪ ጋር። 3 ለ 1 እየተመራን 8ኛው ኢኒንግ፣ ሁለት አውት፣ ተራችን ሊያልቅ አንድ ብቻ ቀርቶ፣ ቤዞቹ በኛ ሰዎች ሞልተው፣ የ20 ዓመቱ ሶቶ ቆመ። ኳሷን ወደ ቀኝ መታት፣ የነሱ ልጅ አመለጠችው፣ ሦስት ሰው ገባ። ጮኸን ጮኸን፣ መኪናውን ሊወስድ የመጣው ደንበኛ ቁልፉን ሳይቀበለን አብሮን ጮኸ። የቀረውን ታውቀዋለህ፤ ኬንድሪክ በዶጀርስ ላይ፣ ከዚያ ሴንት ሉዊስ፣ ከዚያ ሂውስተን። ሰባቱንም ጨዋታ ባለሜዳው የተሸነፈበት ወርልድ ሲሪስ ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። ዋሽንግተን ከ1924 በኋላ የመጀመሪያ ዋንጫዋን በላች።

እንግዲህ "ታገሥ፣ ያሸንፋሉ" ልልህ የጀመርኩ መስሎህ ይሆናል። አይደለም። አንዳንዴ አያሸንፉም። እዚሁ ጎረቤታችን ባልቲሞር በ1988 የመጀመሪያዎቹን 21 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸንፏል። ከስድስተኛው በኋላ ማናጀሩን አባረሩ፤ አዲሱ መጥቶ 15 ተጨማሪ ተሸነፈ። መጨረሻቸው 107 ሽንፈት። ኤፕሪላቸው እውነቱን ነበር የተናገረው። ፊላደልፊያ ግን በ2022 በ22 ድልና በ29 ሽንፈት ላይ ማናጀሩን አባሮ ወርልድ ሲሪስ ገባ። ይህ ለኔ ክርክር አይመችም፣ ግን የሆነ ነገር ነው።

የናንተው ማሪነርስ የ2001ኙስ? ኤፕሪልን 20 አሸንፎ 5 ብቻ ተሸንፎ ጨረሰ፣ በዓመቱ 116 አሸነፈ፣ ኦክቶበር ላይ ያንኪስ ሸኘው። ከዚያ የተሻለ ኤፕሪል ከየት ይመጣል? ምን ጠቀማቸው?

ስለዚህ እኔ ትዕግሥት የምለው እርግጠኛ ሆኖ መጠበቅን አይደለም። ገና ያላየሁትን አይቻለሁ አልልም ማለቴ ነው። ዝም ብለህ ተቀምጠህ ጠብቅም አልልህም። የሚታይ ነገር አለ። ኤፕሪል ላይ ማን አሸነፈ ከሚለው ይልቅ ፒቸሩ ኳሱን እንደ ባለፈው ዓመት በፍጥነት ይወረውራል ወይ ብለህ እይ። ፍጥነቱ ከወረደ ያን ጊዜ ስጋ፣ እኔም አብሬህ እሰጋለሁ፤ ክንድ ቀልድ አያውቅም። መቺው ኳሱን አጥብቆ እየመታ በቀጥታ ተከላካይ እጅ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ተወው፣ ይመጣል። ዝም ብሎ መጥፎ ኳስ እያሳደደ በሦስት ስትራይክ የሚመለስ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ደግሞ ብርዱን አትርሳ። በቀዝቃዛ አየር ኳስ ርቆ አይሄድም። የናንተ ስታዲየም ጣሪያው ዝናብ ይከለክላል እንጂ ብርድ አይከለክልም። በጁላይ ሆምረን የሚሆነው ኳስ በኤፕሪል አጥሩ ሥር ጓንት ውስጥ ይወድቃል። ካል ራሊ በ2025 60 ሆምረን የመታ ሰው ነው፤ አንድ ሳምንት ዝም ቢል እጁን አልሰረቁትም።

አሁን የልቤን ልንገርህ፣ አትቆጣ። መልእክትህን ደግሜ ሰማሁት። አንተ የምታለቅሰው ስለ ኤፕሪል አይመስለኝም። የምታለቅሰው ስለ 2025 ኦክቶበር ነው። ቶሮንቶ ላይ፣ ሰባተኛው ጨዋታ፣ 3 ለ 1 እየመራችሁ፣ በ7ኛው ኢኒንግ የነሱ ስፕሪንገር ሆምረን መታባችሁ። 4 ለ 3። ወርልድ ሲሪስ ገብቶ የማያውቅ ብቸኛ ቡድን፣ በሩ ላይ እግሩን አድርጎ ተመለሰ። ያን ሌሊት ልደውልልህ ስልኩን አንስቼ ተውኩት፤ ምን ይባላል? ያ ቁስል ሳይሽር ነው ማርች የመጣው። እንዲህ ያለ ሰው ሦስት ሽንፈት ሲያይ ሦስት አያየውም። ኤፕሪል ያንን ዕዳ ሊከፍልህ አይችልም። ሰላሳ ለዜሮ ብታሸንፉም አይከፍልህም።

ስለ እኔ ቡድን ጠይቀኸኛል። ወይ የኛ ነገር! ከዋንጫው በኋላ ሸርዘርንና ተርነርን በ2021 አሳልፈው ሰጡ። ሶቶ 440 ሚሊዮን አልቀበልም ሲል በ2022 እሱንም ሸጡ። ያን ዓመት 107 ተሸነፍን። በ2025 ጁላይ ማርቲኔዝንም ዋና ሥራ አስኪያጁን ሪዞንም አሰናበቱ። አሁን ማናጀራችን ብሌክ ቡቴራ ይባላል፣ ሲሾም 33 ዓመቱ ነበር፤ ከኔ ያንሳል፣ ከአንተማ በጣም ያንሳል። ለልጆቹ ትዕግሥት አለኝ። ጄምስ ዉድ ሲመታ እነሳለሁ፣ ኤብራምስ ሲሮጥ እነሳለሁ። ሁለቱም በሶቶ ምትክ የመጡ ናቸው፣ ገና ወጣቶች ናቸው፣ ይሳሳቱ። ለቡድኑ ባለቤቶች ግን ትዕግሥቴ አልቋል። "መልሰን እየገነባን ነው" ሲሉን ስንት ዓመት ሆነ? ተጫዋች ለመማር ጊዜ ያስፈልገዋል። ባለ ገንዘብ ኪሱን ለመክፈት ምን ጊዜ ያስፈልገዋል? ደጋፊ ታገሥ ሲባል ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለው ነው የሚሸጡልን፤ እኔ ለይቼ ነው የምገዛው።

ቢሆንም ማታ ማታ መኪና ውስጥ ሬዲዮውን እከፍታለሁ። ጨዋታውን የሚያስተላልፉት ቻርሊ ስሎውስና ዴቭ ጄግለር አሁንም አሉ። ብንሸነፍም ድምፃቸው ደስ ይለኛል። ባለቤቴ "የሚያሸንፍ ቡድን አጥተህ ነው?" ትለኛለች። ምን እመልስላታለሁ!

በል እንግዲህ። ከ2023 ወዲህ ሁሉም ቡድን ከሁሉም ጋር በየዓመቱ ይገጥማል፤ የናንተና የኛ ቡድን አንድ ዓመት እዚያ፣ አንድ ዓመት እዚህ ይጫወታሉ። በ2025 እኛ መጥተን ነበር፣ በ2026 ተራው የናንተ ነው። ቀኑን እይና ፈቃድ ጠይቅ። ልጆቹንም አምጣቸው፣ ቦታ አለን። በግሪን ላይን ኔቪ ያርድ እንወርዳለን፣ ርካሹን ወንበር ላይኛው ፎቅ ላይ እንይዛለን። ማሊያህን ልበስ፣ እኔም የኔን እለብሳለሁ። ባለቤቴ ክትፎው በሷ ነው ብላለች። ትኬቱን ግን አንተ ትቆርጣለህ፤ ከሥራ እለቃለሁ ብለህ ያልለቀቅክበት ዕዳ አለብህ።

ለእናታቸው ሰላምታዬን አድርስልኝ። ልጆቹን ሳምልኝ። ደውል፣ ከሥራ የምወጣው በናንተ ሰዓት ስድስት ከሰዓት በኋላ ነው።

ወንድምህ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ