ከክረምቱ በፊት ለመማሪያ ቤታችን ጣሪያ

በጌታ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣

ሚያዝያ 14 ሌሊት የወረደውን በረዶና ነፋስ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤታችን ጣሪያ የወደቀው ያን ሌሊት ነው። ሌሊት በመሆኑ ጌታ ይመስገን። ማታ 2 ሰዓት ላይ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ 34 ሰው ነበር። ጠዋት ስንደርስ የመጻሕፍቱ ክፍል ወለል ላይ ውኃ ተኝቷል። እህቶች ማብራሪያዎቹንና መዝገበ ቃላቱን እየገለጡ ፀሐይ ላይ አሰጧቸው። ግማሹ ተርፏል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ገንዘብ አሰባስበናል። የተገኘው 127,000 ብር ነው። አናጢው ለ90 ቆርቆሮ፣ ለእንጨት፣ ለሚስማርና ለእጅ ዋጋ 410,000 ብር ያስፈልጋል ብሎናል። 283,000 ብር ይቀረናል። እውነቱን ለመናገር ደክሞናል። ኑሮ እንደከበደ እናውቃለን፤ የአንዳንዶቻችሁን በር ሦስቴ አንኳኩተናል።

ሂሳቡ በንግድ ባንክ በሦስት ፈራሚዎች ስም የተከፈተው ነው። ቁጥሩ በጸሎት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አለ።

"ያለፈው ብር የት ገባ?" ያላችሁንን አልተቀየምናችሁም። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን መዋጮ ሲያሰባስብ ገንዘቡን ብቻውን አልያዘም። ማንም እንዳይነቅፈው ቲቶንና ሌሎች ወንድሞችን አብሮ ላከ። በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል (2ኛ ቆሮንቶስ 8)። እኛም እንናገር። ከ3 ዓመት በፊት ያዋጣችሁት 560,000 ብር ለብሎኬት ግድግዳው፣ ለወለሉ፣ ለ20 አግዳሚ ወንበርና ለመጻሕፍቱ ውሏል። ግድግዳው ዛሬም ቆሟል። ለጣሪያው ግን ከአሮጌው ቤት የወጣውን እንጨት ተጠቀምን። ለመጻሕፍቱ ብር እንዲተርፍ ብለን ነው። ለካ እንጨቱን ውስጥ ውስጡን ምስጥ ጨርሶት ኖሯል። ያኔ አዲስ እንጨት መግዛት ነበረብን። ስህተቱ የኮሚቴው ነው። ደረሰኞቹ በሙሉ ስላሉ እሑድ ከአምልኮ በኋላ መጥታችሁ እዩ።

ባለፈው ስብሰባ አንድ አባት ከባድ ጥያቄ አነሱ። "ቤተ መቅደስ ሕንፃ አይደለም ብላችሁ አስተማራችሁን። ታዲያ አሁን ለቆርቆሮ ለምን ትለምኑናላችሁ?" አሉ። ልክ ናቸው። አምና 4 ወር ሙሉ የተከታተልነው ይህንኑ ነበር፤ እግዚአብሔር ከሰው ጋር ማደሩን። ከኤደን ጀመርን። በመገናኛው ድንኳን፣ በሰሎሞን ቤተ መቅደስ፣ በፍርስራሹና በምርኮው አልፈን ዮሐንስ ወንጌል ደረስን። ቃል ሥጋ ሆነ፣ በእኛም አደረ። በግሪኩ "አደረ" የሚለው ቃል ድንኳን ተከለ ማለት እንደሆነ ያየን ማታ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ጴጥሮስ አማኞችን የጠራበት ሕያዋን ድንጋዮች የሚለው ስም፣ በመጨረሻም ቤተ መቅደስ የሌለባት የራእይ 21 ከተማ። ስለዚህ ጣሪያው ቅዱስ ነው ብለን አንለምንም። የምንለምነው ለሰዎቹ ነው። ከገጠር የሚመጡት 9 ወንጌላውያን የሚያድሩት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበር። አሁን ማደሪያ ስለሌላቸው መምጣት አቁመዋል። ሌሎቻችን በአንድ ቤተሰብ ግቢ ሸራ ወጥረን እንማራለን።

አንድን ነገር እንዲህ በመላው መጽሐፍ ቅዱስ መከታተል ሳንማር፣ ቀድሞ ከመጽሐፉ አንድ ቁጥር መዝዘን ነበር የምንሰብከው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ኢሳይያስን እያነበበ "የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?" ያለው የእኛም ጥያቄ ነበር። ካቻምና የመጻተኛን፣ በሰው አገር የሚኖረውን እንግዳ፣ ነገር ከዘፍጥረት ጀምረን አጠናን። አብርሃም በከነዓን፣ እስራኤል በግብፅ፣ ሞዓባዊቷ ሩት፣ በሕፃንነቱ ወደ ግብፅ የተሰደደው ጌታ። ዘሌዋውያን 19 ላይ መጻተኛውን እንደ ራስህ ውደደው፣ እናንተም በግብፅ መጻተኞች ነበራችሁ የሚለውን ስናነብ ከሴቶች አገልግሎት አንዲት እህት ተነሣች። "ከዓረብ አገር የተመለሱ ልጆች በሰፈሬ አሉ። ሰው የሚጠይቃቸው ምን ይዘሽ መጣሽ እያለ ብቻ ነው" አለች፤ አለቀሰችም። በዚያው ሳምንት ቤታቸው መሄድ ተጀመረ። ዛሬ 11 ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ አብረውን ይበላሉ፣ ያለፉበትንም ያወራሉ። ሁለቱ የማታ ተማሪዎቻችን ሆነዋል። እኛ ከሁሉም የምንኮራው በዚህ ነው።

ከባቢሎን ምርኮ የተመለሱት ሰዎች ቤተ መቅደሱን እንደገና የመሥራት ሥራቸው ተቋርጦ ነበር። ነቢያቱ ሐጌና ዘካርያስ አበረታቷቸው፣ በፋርስ ንጉሥ በዳርዮስ በ2ኛው ዓመት እንደገና ጀመሩ፣ በ6ኛው ጨረሱ። እኛ ግን ያለን ጊዜ እስከ ሰኔ ነው። አንድ ቆርቆሮ የምትችሉ አንድ፣ የአንድ ቀን ጉልበት የምትችሉም ጉልበታችሁን ስጡን። በውጭ ያላችሁ ልጆቻችን ስትልኩ "ለጣሪያ" ብላችሁ ጻፉበት፣ ከሌላ መዋጮ ጋር እንዳይደባለቅብን።

እባካችሁ ለማንም የግል ስልክ ወይም የግል ሂሳብ አትላኩ። የኮሚቴውም አባል ቢሆን አትላኩ። በሦስቱ ፈራሚዎች ስም ያለው የንግድ ባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ራሳችሁ አይታችሁ ጻፉ። ያስገባችሁበትን ወረቀት እሑድ ስታመጡ ደረሰኝ እንቆርጥላችኋለን።