ለአዲስ ጉድጓድ ብር አለ፣ ለቆመው ፓምፕ ግን የለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን።

እኔ ከመንዝ በኩል ነኝ፣ የቀበሌያችን የውሃ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ሰርቻለሁ፣ ስለዚ ምጽፈው ከሰማሁት ያየሁት ይበዛል። ሐምሌ በመጣ ቁጥር የክልሉ በጀት ይጸድቃል፣ ለውሃ ይሄን ያህል ተመደበ ይባላል፣ ከዛ የመሰረት ድንጋይ ሲጣል የሚያሳይ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል ሰዉም ላይክ ያደርጋል። አንድም ቀን ግን ለጥገና ይሄን ያህል ተይዟል ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ጸቤ እሱ ላይ ነው።

የኛ ደጋ እንደምታውቁት ከስሩ ድንጋይ ነው፣ ውሃው ያለው በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ስለሆነ እዚህ ጋ ተቆፍሮ ቢወጣ ትንሽ ፈንጠር ስትል ደረቅ ይሆንብሃል፣ እና ውሃ የወጣለት ጉድጓድ ማለት ዝም ብሎ ሚተው ነገር አይደለም። ለዛ ጉድጓድ የመቆፈሪያ ማሽኑ መጥቶ፣ መንገድ ተጠርጎለት፣ ህዝቡ ድንጋይና አሸዋ ተሸክሞ፣ ስንት ብር ፈሶበት ሲያበቃ ፓምፑ ውስጥ ያለች አንዲት ጎማ አለቀች ተብሎ ሴቱ ሁሉ ጀሪካኑን አዝሎ ወደ ወንዝ ይመለሳል። አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ፣ እስከ 45 ሜትር ድረስ ውሃ የሚስበው፣ ሲሰራ እኮ የመንደር ሰው በራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው፣ እኛም ጋ ስልጠና የወሰዱ ልጆች አሉ፣ መፍቻውም አለ። ጎማዋ ግን ከተማ ሱቅ የለችም ወረዳ መጋዘንም ስትጠይቅ የለም ነው መልሱ። ኮሚቴው ብር ይዞ እቃ አጣ ማለት ነው። በሬ ገዝቶ ሳር መከልከል ይሄው ነው።

ጥልቅ ጉድጓድ ላይማ የባሰ ነው። እዛ ሞተር አለ፣ ጄኔሬተር አለ፣ መብራት ሄድ መጣ ሲል ሞተሩ ይቃጠላል፣ እሱን ደግሞ ከቦኖ በጀሪካን በተሰበሰበ ሳንቲም አትገዛውም። በዛ ላይ ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ ፓምፑ ከውጭ ነው ሚገባው፣ ኮሚቴው በስንት ጭቅጭቅ ያጠራቀመው ብር ባንክ ቤት ቁጭ ባለበት አቅሙ ግማሽ ሆነ። ኮንትራክተሩም በድሮ ዋጋ የፈረመውን እንዴት ይጨርሰው፣ ማሻሻያ ይጠይቃል፣ የሚመልስለት ያጣል፣ ከዛ እቃውን ጭኖ ይሄዳል። ቧንቧው ተቀብሮ ጋኑ ተገንብቶ ፓምፕ ብቻ የጎደለው ፕሮጀክት በሪፖርት "ሊጠናቀቅ ጥቂት ቀርቶታል" እየተባለ ስንት ክረምት ያልፋል።

ወረዳውን ብትጠይቀው ደግሞ እውነቱን ነው እሱም። ከክልል በጥቅል የሚወርድለት በጀት አብዛኛው ደሞዝ ነው፣ ከደሞዝ የተረፈችው ለወረቀትና ለነዳጅ ትሄዳለች። ትልቁ የካፒታል ብር ባህር ዳር ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት፣ ባህር ዳር ለመድረስ ግን ብዙ ሰው መጀመሪያ አዲስ አበባ ገብቶ ነው ሚዞረው፣ እና ለአንዲት የመለዋወጫ ግዢ ፊርማ ባለሙያው ያን ሁሉ ይዙር ነው ሚባለው ወይስ ምን? የኛ ዞን ከክልሉ ዋና ከተማ እንዲህ ርቆ ሳለ ሁሉ ነገር እዛው እንዲያልቅ መደረጉ ለኔ ሁሌም አይገባኝም።

ሌላ መንገድ የለም እንዳትሉኝ ብቻ፣ ክልላችን እኮ በዚህ ለሌላው ምሳሌ የነበረ ነው። ከፊንላንድ መንግስት ጋር በተሰራው ፕሮግራም ብሩ ያኔ አብቁተ ይባል በነበረው፣ አሁን ጸደይ ባንክ በሆነው በኩል አልፎ በቀጥታ ህዝቡ የመረጠው የውሃ ኮሚቴ እጅ ይገባ ነበር፣ ሲሚንቶውን ኮሚቴው ይገዛል፣ አናጺና ግንበኛውን ኮሚቴው ይቀጥራል፣ ሂሳቡን በስብሰባ ለህዝቡ ያነባል። በ2003 ኮዋሽ ተብሎ ወደሌሎች ክልሎችም የሰፋው ይሄው አሰራር ነው። ገበሬ እጅ ብር ከገባ ይበላል የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን ያየሁት ጎረቤቱ አይን ስር ሆኖ ብር የሚያወጣ ሰው ደረሰኙን እንደ ክታብ ሲጠብቅ ነው። የመንዝ ሰው ጓሳን የሚያህል ሳር ምድር ራሱ ደንብ አውጥቶ፣ ማጨጃውን ጊዜ ወስኖ ለዘመናት የጠበቀ ህዝብ ነው፣ አንድ ፓምፕ ያቅተዋል?

ቁጥሩ ላይ ደግሞ ትንሽ ልናገር። በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን እቅድ ለገጠር የተቀመጠው መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። ጥሩ ነው፣ አንድ ጀሪካንና ትንሽ ማለት ነው። በኛ ወረዳ ሪፖርት ላይ ግን የቆመውም ፓምፕ እንዳለ ይቆጠራል፣ ሽፋኑ ከፍ ይላል፣ ሽፋን ያለው ቦታ ደግሞ ለሚቀጥለው በጀት ወረፋው ወደኋላ ነው። ፓምፑ የተሰበረበት ሰው ውሃም አጣ ወረፋም አጣ። ወደ ምንጃርና ወደ ቆላው በኩል ያሉት ዘመዶቻችን ከኛ በላይ በውሃ እንደሚቸገሩ አውቃለሁ፣ እነሱ አዲስ አይቆፈርላቸው አልልም፣ ይቆፈር።

ጸጥታው ነው ማሽን ማስገባት አልቻልንም የሚለውንም እሰማለሁ፣ ውሸት አይደለም፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ መንገዱ ምን እንደሆነ እኛው ነን ምናውቀው። ግን እሱ ራሱ ለኔ ነው ሚመሰክረው፣ የመቆፈሪያ ማሽን ባይገባ የፓምፕ ጎማና ዘንግ በአህያ ይገባል፣ የሚገጥመውም ልጅ እዚሁ መንደር ነው ያለው።

ስለዚ ምጠይቀው ይሄ ነው፦ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲዘጋጅ ከውሃው ብር ላይ ለጥገናና ለመለዋወጫ ተብሎ ለብቻው ይቆረጥ፣ ወደሌላ እንዳይዛወር ይታሰር፣ እቃው በዞን ደረጃ መጋዘን ይግባና ኮሚቴ በራሱ ብር መግዛት ይችል። ለየቀበሌው የተመደበውም የተለቀቀውም ብር ቀበሌ ጽህፈት ቤት በር ላይ ይለጠፍ፣ ቴሌግራም ላይ ብቻ ከሆነ እናቶቻችን አያዩትም። እናንተ ደግሞ ጋዜጠኞች ናችሁና የሚመለከተውን ቢሮ አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፣ በሰሜን ሸዋ ስንት ፓምፕ ቆሟል፣ እነሱን ለማስነሳትስ ዘንድሮ ስንት ብር ተይዟል? መልሱን ያው በዚሁ ገጽ አውጡልን።

ከመንዝ፣ ሰሜን ሸዋ